አየር ሳቡ

ሥርጉት ገብረ ጻድቅ ስትቆጣ ቀድሞ የሚቀላው ጆሮዋ ነው። አንኮበር ባደገችበት ቤት፣ ቄስ አባቷ ከቅዳሴ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያዩት የልጃቸውን ጆሮ ነበር አሉ፤ ከቀላ ከጎረቤት ልጆች አንዱ ተመትቷል ማለት ነው። አድጋ፣ ደብረ ብርሃን አግብታ፣ ወልዳ ከብዳ፣ አርባ ዓመቷን አልፋም ይህ ነገሯ አልለቀቃትም። በወይራ አምባ የሱፍ ክር ፋብሪካ አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች «ክብሪት» ይሏታል። ፊት ለፊቷ ግን አይደለም።

ክብሪት ይበሏት እንጂ ያን ሰሞን የነደደችው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የምትሠራው ማበጠሪያ ክፍል ነው። ታጥቦ የደረቀው የበግ ጠጉር በትልልቅ ማሽኖች ጥርስ መካከል እያለፈ ይበጠርና ለስልሶ ወደ መፍተያው ይሄዳል። ጠጉሩ ሲበጠር ይበናል። ብናኙ እንደ ጭጋግ ነው፤ ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ሻይ ውስጥ ይገባል፣ ሴቶቹ ማታ ሻሻቸውን ሲፈቱ በአንድ ቀን የሸበቱ ይመስላሉ። ድሮ ጣሪያው ሥር የተተከለ ትልቅ ቬንትሌተር ብናኙን እየሳበ ወደ ውጭ ይተፋው ነበር። ክረምቱ እንደወጣ ሞተሩ ተቃጠለ። «ለጥገና ሄዷል» ተባለ። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ሞተሩ አሁንም ጥገና ላይ ነው። መስኮት እንክፈት ሲሉ «ነፋስ ገብቶ ሱፉን ይበትነዋል» ተብሎ መስኮቶቹ በሚስማር ተመቱ። የአፍ መሸፈኛ ስጡን ሲሉ አንድ ሰሞን መጣ፣ አለቀ፣ በዚያው ቀረ።

ሥርጉት ጮኻለች። ለሱፐርቫይዘሩ ጮኻለች፣ ለመጋዘን ኃላፊው ጮኻለች፣ የሥራ አስኪያጁ የአቶ መኮንን ቢሮ ደጃፍ ላይ ቆማም ጮኻለች። ችግሩ፣ በጮኸች ቁጥር ሰው ጩኸቷን ይሰማል እንጂ የምትለውን አይሰማም።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት የይርጋለም ሳል ነበር። ይርጋለም ከወለጋ ተፈናቅላ፣ ልጆቿን ይዛ ከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ የምትኖር ሴት ናት። ከሥርጉት ማሽን ቀጥሎ ያለው የእሷ ነው። መጀመሪያ ስትቀጠር ጉንጯ የሞላ፣ የሱፍ ጥቅል ብቻዋን የምታነሳ ገበሬ ነበረች። አሁን ከበር እስከ ማሽኗ ለመድረስ መሃል ላይ ቆማ ታርፋለች። ስታስል እንዳትሰማ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ትጎሰጉሳለች።

«ምነው ትደብቂዋለሽ?» ትላታለች ሥርጉት።

«ዝም በይ እትዬ። ታማለች ብለው ያባርሩኛል።»

አንድ ሰኞ ጠዋት ማሽኖቹ በድንገት ቆሙ። ሱፐርቫይዘሩ «ሁላችሁም ወደ መሃል ኑ፣ ለእናንተ የሚጠቅም ነገር መጥቷል» አለ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሥርጉት ቀና ብላ ወደ ቬንትሌተሩ አየች። መጣ ማለት ነው! ልቧን ደስ አለው።

የመጣው ግን ሞተር አልነበረም። አቶ መኮንን ሻርፑን እስከ አፍንጫው ጠቅልሎ ገባ። ከኋላው ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ በእጇ ትንሽ ስፒከር የያዘች ወጣት ተከተለችው።

«ስሙኝ» አለ አቶ መኮንን በሻርፑ ውስጥ። «ድርጅታችን ለሠራተኛው ያስባል። ጭንቀት አለባችሁ። ንጭንጭ በዝቷል። ይህቺ ሮዳስ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣችው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። ከዛሬ ጀምሮ በየሰኞው አእምሮ የሚረጋጋበትን ዘዴ ታሳያችኋለች። ተከታተሉ።»

ሮዳስ ፈገግ ብላ ሰላምታ ሰጠች። ስፒከሩን ማሽን ላይ አስቀመጠችው፤ የወራጅ ውኃ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ድምጿ የለሰለሰ ነበር። «የሱፍ ጥቅሎቹ ላይ ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንድ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። አሁን በአፍንጫችሁ፣ በቀስታ፣ እስከ ሆዳችሁ ድረስ አየር ሳቡ...»

ሥርጉት ለመሳብ ሞከረች። ጉሮሮዋ ላይ እንደ ገለባ የሆነ ነገር ተጋደመ። ዋጠችው።

«...ያዙት... አሁን ከገባው ረዘም አድርጋችሁ አስወጡት። እንደገና ሳቡ...»

መጀመሪያ ያሳለችው ይርጋለም ናት። ነጠላዋን ለመጎስጎስ ጊዜ አላገኘችም። ሳሉ ከሆዷ ነው የመጣው፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ የሚያቆም አልሆነም። ቀጥላ ሌላዋ፣ ከዚያ ወዲያ ማዶ ያለችው። ሮዳስ ነገሩ አልገባትም። «ምንም አይደለም፣ ሐሳባችሁን ወደ ትንፋሻችሁ መልሱ፣ በጥልቀት ሳቡ» አለች።

ሥርጉት ብድግ አለች።

«አንቺ ልጅ! የምን አየር ነው የምንስበው? አየሩ የታለ? እስቲ ቀና በይና እዪው!»

ሮዳስ ዓይኗን ገለጠች። በጣሪያው ቀዳዳ በገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኙ እንደ ወንፊት ዱቄት ይወርዳል።

«እባክዎ ይረጋጉ...»

«አልረጋጋም! ሱፍ ነው ሳቡ የምትዪን! እንኳን በጥልቀት በአፍ በአፋችንም መተንፈስ አቅቶናል። ይህቺን እያት! ሳንባዋ ሊወጣ ነው፣ አንቺ የውኃ ድምፅ ታሰሚያታለሽ!»

አቶ መኮንን ሳቀ። ሻርፑ አፉ ላይ ከፍ ዝቅ አለ። «ይኸው! አየሻት ሮዳስ? የጠራንሽ ለዚህ ነው። ቁጣ በሽታ ነው። ይህቺ ደግሞ ሥር የሰደደባት ናት።»

አንዳንዶቹ ሴቶች ሳቁ። ከልባቸው አልነበረም፤ አለቃ ሲስቅ ዝም ማለት ስለሚያስፈራ ነው። ሥርጉትን ያሳበዳት ይሄ ሳቅ ነው። የማሽኗን ጀርባ በመዳፏ ጠርጋ የተከመረውን ብናኝ ዘገነች፤ ሰውዬው ምን እንደምታደርግ ሳይገባው ፊቱ ደረሰች፤ ሻርፑን ወደ ታች ስባ ብናኙን አፍንጫውና ጥቁር ኮቱ ላይ በተነችው።

«እንካ! አንተም ሳብ!»

 የውኃው ድምፅ ብቻ ይፈሳል። አቶ መኮንን እያስነጠሰ ኮቱን አራገፈ። «ውጪልኝ!» አለ በመጨረሻ። «ቁጣሽ እስኪበርድ ቤትሽ ተቀመጪ። መመለስ ካማረሽ ይህን ሥልጠና ለብቻሽ ትወስጃለሽ። ሮዳስ 'ተረጋግታለች' ብላ ካልነገረችኝ በዚያ በር አትገቢም!»

ባሏ አንተነህ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጠብ የማይወድ፣ ትራፊክ ሲያስቆመው እንኳ ቀድሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው። ማታ ነገሩን ስትነግረው ራሱን ያዘ።

«በሻርፑ ሳብሽው?»

«ሳብኩት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ የለም እኮ ውጭ! ምን ነበረበት ዝም ብትዪ? ጎመን በጤና ይባላል።»

«ጤናውን አምጣልኝና ጎመኑን እበላዋለሁ!» ብላ በሩን በኃይል ወርውራ ወጣች። ደጁ ላይ ብርዱ ተቀበላት፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ጆሮዋ ብቻውን ይነድዳል። አልተጸጸተችም። ያንገበገባት ሌላ ነገር ነበር፦ ሥልጠናውን መውሰድ አለባት። ካልወሰደች ሥራዋ ቀረ፤ ሥራዋ ከቀረ ደግሞ ያቺ የምታስል ሴት ብቻዋን ቀረች።

ሮዳስ የመረጠችው ቦታ ከከተማው ዳር፣ በሬሳ ከሚባለው ወንዝ አጠገብ ያለ ሜዳ ነበር። ሥርጉት ስትደርስ ልጅቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ስፒከሩን አልያዘችም።

«ደህና አደሩ?»

«አንቱታውን ተዪው፤ አንቱታ አያስተነፍሰኝም» አለች ሥርጉት ቆማ። «ቶሎ በይና ተረጋግታለች በዪልኝ።»

ሮዳስ አንገቷን ደፋች። «ስለ ቬንትሌተሩ አልነገሩኝም። ሠራተኞቹ ይጣላሉ፣ ይነጫነጫሉ ብቻ ነው ያሉኝ።»

«አሁንስ አወቅሽ?»

«አወቅሁ።»

«እና?»

ልጅቷ ሣር ትነቅል ጀመር። «ከተመረቅሁ ወዲህ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው» አለች በትንሽ ድምፅ።

«በሉ እንግዲህ!» ሥርጉት እጇን አጨበጨበች። «አንቺ ለሥራሽ ፍሪ፣ ባሌ ለሥራዬ ይፍራልኝ፣ ይርጋለም ለሥራዋ ትፍራ፣ እኛም ሱፋችንን እንብላ!»

ሮዳስ የነቀለችውን ሣር ጣለች። የሰጠችው የምታውቀውን ብቻ ነው። «ተቀመጪ። ጫማሽን አውልቂ። እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ፤ መሬቱ ሲሸከምሽ ይሰማሽ። ከዚያ የምትሰሚውን ድምፅ ሁሉ ልብ በዪ። ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አትበዪ፤ ስሚው ብቻ። ስትተነፍሺ ማስወጣቱን አርዝሚው። ሐሳብሽ ሲሸሽ አትቆጪው፤ መልሰሽ አምጪው።»

ሥርጉት እልህ ይዟት ተቀመጠች። ይህን ነገር ቶሎ ጨርሳ ለመሄድ ነው። ሣሩ ውርጭ አለው፤ ውስጥ እግሯን ቆነጠጣት። ወንዙ ይሰማል። ወዲያ ማዶ አንዲት ሴት ልብስ ድንጋይ ላይ ትወቅጣለች። መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። አየር ሳበች፤ ምንም አልጋረጠባትም፤ ቀዝቃዛው አየር ሰተት ብሎ እስከ ሆዷ ወረደ። ቀስ ብላ አስወጣችው። እንደገና ሳበች። ትከሻዋ ከጆሮዋ ሥር ወርዶ ቦታው ገባ፤ እዚያ ላይ ተሰቅሎ መክረሙን አላወቀችም ነበር።

ደንግጣ ቁጣዋን ፈለገችው። ይህቺ ልጅ ሰርቃብኝ እንዳይሆን! ቁጣዋ እዚያው አለ፤ አልሄደም። እስከ ዛሬ ግን ቁጣው እንደ በቅሎ ጋልቦ ይዟት ይሄድ ነበር፤ አሁን አጠገቧ ቁጭ ብሏል። መልኩን አየችው። የተቃጠለ ሞተር ነበር፣ በሚስማር የተመታ መስኮት ነበር፣ በሻርፕ የተሸፈነ አፍ ነበር።

«ምን ተሰማሽ?» አለች ሮዳስ።

«ተቆጥቻለሁ። ልትወስጂብኝ ከሆነ አታገኚውም።»

«አልወስድብሽም» አለች ልጅቷ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሳትሰብር አየቻት። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ባለፈው ሰኞ ስለ አየሩ የተናገርሽውን አንድም ሰው አያወራም። ፋብሪካው ሁሉ የሚያወራው ኮቱ ላይ ስለበተንሽው ሱፍ ነው።»

ሥርጉት ጆሮዋ ጋለ። ልትሰድባት አፏን ከፈተች። ከዚያ ልጅቷ ያለችው እውነት መሆኑ ገባትና አፏን ዘጋች፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

በዚያው ሳምንት ይርጋለም ከሥራ ቀርታለች ሲባል ሰማችና መጠለያው ድረስ ሄደች። ይርጋለም ሸራው ውስጥ ትራስና ልብስ ከጀርባዋ ከምራ ተደግፋ ተቀምጣለች። መጋደም አትችልም፤ ስትጋደም ያፍናታል። ሥርጉትን ስታይ ፊቷ አልፈካም።

«ለምን መጣሽ እትዬ?»

«ልጠይቅሽ ነዋ! ሐኪም አየሽ?»

«ሐኪሙ ከአቧራው ራቂ አለኝ። የት ልራቅ?» ትንፋሿ እየተቆራረጠ ቀጠለች። «አንቺ ሳትኖሪ አለቃው መጣና 'የዚያች ዕብድ ጓደኛ አንቺ ነሽ አይደል?' አለኝ። እትዬ፣ እባክሽን። እኔ ከአገሬ በእሳት ተባርሬ ነው የመጣሁት። ከዚህ ደግሞ በአንቺ አፍ እንዳልባረር።»

ይህ ቃል ሥርጉትን ከጥፊ በላይ መታት። ለእሷ ብላ ነበር የጮኸችው። ለማን ብዬ ነው እንግዲህ ልትል ነበር፤ ግን የይርጋለም ከንፈር ሰማያዊ መሆኑን አየች። ተነስታ ብብቷን ይዛ ደገፈቻትና ወደ ውጭ አወጣቻት። ፀሐይ ያለበት ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት።

«እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ» አለቻት። «አትፍጠኚ። ቀስ ብለሽ ሳቢ፤ ጥቂት ይበቃል። አሁን ከንፈርሽን እንደምታፏጪ አድርገሽ አስወጪው። አርዝሚው። እኔም አብሬሽ ነኝ።»

እንዲህ እያሉ ቆዩ። ይርጋለም አንዳንዴ ያስላታል፤ ሥርጉት ትጠብቃትና እንደገና ይጀምራሉ። ቀስ በቀስ የሴትየዋ ትከሻ መዝለሉን ተወ። ከንፈሯ ቀላ አለ።

«ይሄ ያቺ ልጅ ያስተማረችን ነው?»

«እሱው ነው።»

«እንዲህ ከሆነማ ደግ ነገር ነው» አለች ይርጋለም ተገርማ። «እዚያ ውስጥ ነው እንጂ ያስቸገረው።» ትንሽ አሰበችና፣ ነገሩ ከባድ መስሎ ሳይታያት፣ እንደ ዋዛ፣ «ለምን ውጭ አናደርገውም?» አለች።

ሥርጉት ቀና ብላ አየቻት።

ሮዳስ እንደተጠየቀችው «ተረጋግታለች፣ ሥልጠናዋን ጨርሳለች» ብላ ለአቶ መኮንን ነገረችው። ሥርጉት ሰኞ ዕለት ስትገባ ሴቶቹ እንደ ታማሚ በጎን ያዩአታል። ይርጋለምም መጥታለች፤ ፊቷ ገርጥቷል። የሥልጠናው ሰዓት ደረሰና ማሽኖቹ ቆሙ። አቶ መኮንን ያን ቀን ክር ሊጭን ከመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ጋር በግቢው ወዲያኛው ጫፍ ይጯጯሃል። ሮዳስ ስፒከሯን ልታስቀምጥ ስትል ሥርጉት ተጠጋቻት።

«ውጭ እናድርገው።»

ሮዳስ ወደ በሩ አየች። ከዚያ በፀሐዩ ጨረር ውስጥ የሚወርደውን ብናኝ አየች። ስፒከሯን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ውጭ እናድርገው» አለች።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ግቢው ውስጥ፣ በፋብሪካው ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ የምትመታው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ሮዳስ እንደ ወትሮዋ ጀመረች። ሴቶቹ ሳቡ፣ አስወጡ። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ከተቀጠሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ጸጥ ያሉት ያን ቀን መሆን አለበት። የማንም ጉሮሮ አልተቧጠጠም። አንዷ ሴት ዓይኗን እንደጨፈነች እንባዋ ወረደ።

የሥራ መጀመሪያው ደወል ጮኸ። ሥርጉት አልተነሳችም። ጎኗ ያለችው አንዴ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየቻትና መልሳ ጨፈነች። ማንም አልተነሳም።

ደወሉ ሁለተኛ ጮኸ። ሱፐርቫይዘሩ ወጥቶ «ምን ሆናችኋል? ግቡ እንጂ!» አለ። መልስ የለም። ሮጦ ሄደና አቶ መኮንንን ጠርቶት መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሥልጠና ላይ ነን» አለች ሥርጉት ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሰዓቱ አልቋል! ተነሡ!» ዝም። «ተነሡ ብያለሁ!» ዝም። ወደ ሮዳስ ዞረ። «አስነሻቸው!»

ሮዳስ ቦርሳዋን አቅፋ ቀና አለች። «እኔ የተቀጠርኩት መተንፈስ እንዳስተምር ነው። እዚያ ውስጥ መተንፈስ አይቻልም።»

ሰውዬው ደም ሥሩ ተገታተረ። እየተመላለሰ ጮኸ፣ ዛተ፣ ጥበቃውን ጠራ። ጥበቃው መጥቶ ሴቶቹን አየና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። የጭነት መኪናው ሾፌርና ጫኞቹ ሥራ አቁመው ግድግዳ ተደግፈው ይመለከታሉ። እንግዲህ አቶ መኮንን እንደ ማንኛውም ጉልበተኛ ደካማዋን መረጠ። ይርጋለም ፊት ሄዶ ቆመ።

«አንቺ! ከመጠለያ አንስተን ሥራ ሰጠንሽ። አሁን ተነሽ፤ አለዚያ ዛሬውኑ ወደ ሸራሽ ትመለሻለሽ!»

የሥርጉት ደም ሁሉ ወደ ራሷ ወጣ። ጣቶቿ ታጠፉ። ድንጋይ ቢኖር ታነሳ ነበር። እግሯን መሬት ላይ አጥብቃ ተከለች። ሳበች። አርዝማ አስወጣች። የወንዙ ዳር ሴት ልብስ ስትወቅጥ በሐሳቧ ሰማቻት። ቁጣው ሊያስፈነጥራት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልጓሙን ያዘችና ቀስ ብላ ተነሳች።

«አቶ መኮንን» አለች። ሰው ሁሉ ጩኸት ሲጠብቅ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ዝቅ ስላለም ጫኞቹ ሊሰሟት ጠጋ አሉ። «እንገባለን። ሥራችንን አንጠላም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምንለምንዎት። ሻርፕዎን ያውልቁና አብረውን ይግቡ። ማሽኑ ይነሳ፤ እርስዎም ፈረቃው እስኪያልቅ መሃላችን ይቁሙ። ምንም አንሠራዎትም። ይተንፍሱ ብቻ።»

«እኔን ነው የምታዢኝ?»

«አላዝም። ልብዎ እውነቱን አውቆት ካልሆነ በቀር፣ አየሩ ጤነኛ ከሆነ ምን ያስፈራዎታል?»

ሰውዬው ሳያውቀው እጁ ወደ ሻርፑ ሄደ። ጫኞቹ አዩት። ሴቶቹም አሁን ዓይናቸውን ገልጠዋል፤ አዩት። የጋለ ምጣድ እንደነካ ሰው እጁን ከሻርፑ ላይ አነሳ።

ይርጋለም ተነሳች። ግድግዳውን ይዛ፣ እያረፈች ነው የተነሳችው። «እኔ እገባለሁ» አለችው። ሥርጉት ደነገጠች። ይርጋለም ግን ቀጠለች፦ «እርስዎ ከገቡ እገባለሁ። ካልገቡ ግን ወደ ሸራዬ ይመልሱኝ። እዚያ ቢያንስ ነፋስ አለ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። ሾፌሩ «ጌታዬ፣ እኔ የምጭነው ክር አለኝ ወይስ ልሂድ?» ብሎ ጮኸ። አቶ መኮንን ሴቶቹን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ጥርሱን ነከሰና ወደ ቢሮው ገባ። ጥቂት ቆይቶ አዲሱ የሚባለው መካኒክ ከመጋዘኑ በኩል በጋሪ አንድ ነገር እየገፋ ብቅ አለ። በሱፍ ከረጢት የተሸፈነ ሞተር ነው።

ሥርጉት ሮጣ ደረሰችበት። «ከጥገና መጣ?»

አዲሱ ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከመጣማ ቆየ። ከመስቀል በኋላ ወዲያው ነው የመጣው። ለመግጠም ግማሽ ቀን ማሽን መቆም አለበት፤ ግማሽ ቀን ምርት ይቀርብናል ብለው እንዳትነካው አሉኝ።»

ሲገጠም ሴቶቹ ውጭ ጠበቁ። ፀሐይ ዘንበል ስትል ቬንትሌተሩ ተንገጫግጮ ተነሳ። ብናኙ ወደ ላይ እየተሳበ ሲወጣ በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች እልል አሉ። አንዷ ሥርጉትን አቅፋ ሳመቻት። «እትዬ ሥርጉት! አሸነፍሽልን!»

ሥርጉት እልል አላለችም። የግድግዳው ሥር ተመልሳ ተቀመጠች። ግማሽ ቀን! ይህ ሁሉ ወር፣ ይህ ሁሉ ሳል፣ የአንዲት ሴት ሳንባ በግማሽ ቀን ተመዝኖ ቀለለ። ሮዳስ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። «እንተንፍስ?» አለቻት።

«አይ» አለች ሥርጉት። ጆሮዋ እንደ ፍም ቀልቷል። «ይሄኛው ይቆይ። ይሄኛው እንዲበርድ አልፈልግም።»

ሮዳስ አልተከራከረቻትም። አብራት ተቀመጠች። በማግስቱ፣ ሴቶቹን አላስነሳሽም ብለው ውሏ መቋረጡን ነገሯት። ለሥርጉት ስልክ ደውላ ስትነግራት ድምጿ ውስጥ እንባ አልነበረም። «እኔም ተቆጥቻለሁ» አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ቬንትሌተሩ ከዚያን ቀን ወዲህ ይሠራል። ይርጋለም ግን አልዳነችም። አየሩ ቢጠራም ሳሏ አልለቀቃትም፤ ሐኪሙ የታመመው ሳንባ ረጅም ሕክምና እንደሚፈልግ፣ ደብረ ብርሃንም ላይገኝ እንደሚችል ነገራት። ፋብሪካው ደግሞ «አቅም አንሷታል» ብሎ ሊያሰናብታት ነው የሚል ወሬ መጣ።

ሥርጉት ወሬውን የሰማችው በሻይ ሰዓት ነው። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አልጮኸችም፣ ጓደኞቿንም አልጠራችም። ግቢውን አቋርጣ የአቶ መኮንንን ቢሮ አንኳኳችና መልስ ሳትጠብቅ ገባች። ሰውዬው ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ፤ እጁ ወደ ኮቱ ሄደ። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ያለውን ወንበር ሳበችና ተቀመጠች። እግሯን መሬት ላይ አደላድላ አሳረፈች፤ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ደግሞ መጣሽ?» አለ።

«መጣሁ።»

«ቬንትሌተሩ ተሠራልሽ። አሁን ደግሞ ምን ቀረ?»

«ይርጋለም ቀረች» አለችው፤ ለመነሳትም የቸኮለች አትመስልም ነበር።